ተራ በተራ የሚመታ ኳስ

በ1968 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ የተጀመረው ስፔሻል ኦሊምፒክስ ለአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ስፖርተኞች ያበጀው የጎልፍ አሠለጣጠን ደስ ይለኛል። የመጀመሪያው ደረጃ 6 ክህሎቶች ብቻ ናቸው፤ ኳሷን ከቅርብ ወደ ጉድጓዱ ከመግፋት እስከ ረጅሙ ምት። ለዚህማ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ ሣሩ የታጨደ የትምህርት ቤት ሜዳ ለመነሻ ይበቃል።

ይበልጥ የምወደው ግን ሁለተኛውን ደረጃ ነው። ስፖርተኛውና ውስንነት የሌለበት አጋሩ አንዲቱን ኳስ ተራ በተራ እየመቱ 9 ጉድጓድ ይጫወታሉ። አጋሩ ኳሷን ቁጥቋጦ ሥር ቢከታት፣ ከዚያ የሚያወጣት ስፖርተኛው ነው፤ በእሱ ፈንታ ማንም አይመታም። ጎበዝ አሠልጣኝም አንዴ በእጁ ያሳያል፣ አንድ አጭር ቃል ይናገራል፣ ከዚያ ዱላውን ለተረኛው ትቶ ይጠብቃል። እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ከልቤ አከብራለሁ።