መጀመሪያ ሠንጠረዡን አንብቡ

በቅርቡ ሥራ የጀመረ ልጅ የስዊቹን ገጽ በብሮውዘር ስከፍት አየኝና «ጋሼ፣ እርስዎም በዚህ ነው እንዴ የሚሠሩት?» አለኝ። ቅር ብሎታል። ሲሠለጥን የሰማው ጎበዝ ባለሙያ ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ ትእዛዝ ይጽፋል፣ ማውዝ እየጫነ ፖርት የሚያስተካክል ጀማሪ ነው ሲባል ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ጉዳይ አንዴ ከተነካሁ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

ጥቁሩን መስኮት አልጠላውም። ሃምሳ ስዊች ላይ አንድ ዓይነት ለውጥ የሚያደርግ ሰው ማውዝ ይዞ ከገጽ ገጽ ቢዞር ጊዜውን ነው የሚያባክነው። የእኔ ደንበኞች ግን ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ አንድ ፎቅ የተከራየ አስመጪ ናቸው። ያላቸው ባለ 24 ፖርት ስዊች አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው። እዚያ ገጹን የምከፍተው በአብዛኛው ለማንበብ ነው። ሃያ አራቱም ፖርቶች በአንድ ሠንጠረዥ ተደርድረው ይታያሉ፦ የትኛው ተያይዟል፣ በስንት ፍጥነት፣ ፉል ዱፕሌክስ ነው ወይስ ሃፍ። ባለሱቅ የዱቤ ደብተሩን እንደሚያየው ከላይ እስከ ታች አየዋለሁ፤ ከጓደኞቹ የተለየ መስመር ካለ ወዲያው ይታወቃል። በትእዛዝም ይኸው ሠንጠረዥ ይወጣል። ለሚያነበው ሰው በየትኛውም ቢገባ ግድ የለኝም።

ጠቤ ከሌላ ወገን ጋር ነው፤ የፍጥነት ሣጥኑን ሲያይ እጁን ከሚበላው ጋር። «አውቶ» የሚለውን አያምነውም። ሰርቨሩ የተሰካበትን ፖርት ወይም የሰርቨሩን ካርድ «እንዳይዋዥቅ» ብሎ 100 ፉል ላይ ይቆልፈዋል። ልማዱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በኬብሉ ሁለት ጫፍ ያሉት መሣሪያዎች ፍጥነታቸውን ራሳቸው ተደራድረው የሚወስኑበት ደንብ የወጣው ከ100 ሜጋቢቱ ኢተርኔት ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአንዱ ፋብሪካ ካርድ ከሌላው ፋብሪካ ስዊች ጋር አልግባባ እያለ ያስቸግር ነበር። የዚያን ጊዜ ባለሙያዎች መቆለፍን ለመዱ፣ ከሥራቸው ላሉትም አስተማሩ። ችግሩ ከተወገደ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ትምህርቱ ግን እስከ ዛሬ ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል።

ጉዱ የሚፈላው አንዱ ጫፍ ብቻ ሲቆለፍ ነው። የተቆለፈው ወገን መደራደሩን ያቆማል። አውቶ ላይ ያለው ሌላኛው ጫፍ ከሚመጣለት ምልክት ፍጥነቱ 100 መሆኑን ይለያል፤ ዱፕሌክሱን ግን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ደንቡም እንዲህ ሲሆን ሃፍ እንዲይዝ ያዘዋል። አሁን አንዱ ወገን ፉል ስለሆነ እየተቀበለም ይልካል። ሌላው ሃፍ ስለሆነ እየላከ ሳለ የሌላውን ከሰማ ግጭት ተፈጠረ ብሎ መላኩን ያቋርጣል። መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ ኬብሉ ደህና ነው፣ ሥራው ግን አይሄድም።

አንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሶፍትዌራቸው ወር መጨረሻ በደረሰ ቁጥር እየተንቀራፈፈ ሠራተኛውን አስመርሮ ነበር። አንዱ ባለሙያ ሰርቨር ቀይሩ አላቸው፣ ሌላው ቫይረስ ነው አለ። ፒንግ ሲደረግ ሁሉም ሰላም ነው። ቢሆንም አይገርምም፤ የዊንዶውስ ፒንግ 32 ባይት ብቻ ተሸክሞ ሄዶ ስለሚመለስ ከሌላ ጋር የመጋጨት ዕድሉ ትንሽ ነው። የሚያነክሰው ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ ነው። ሠንጠረዡን ከፈትሁት። ከላይ እስከ ታች 1000 ፉል፣ 1000 ፉል ይላል፤ የሰርቨሩ መስመር ላይ ስደርስ 100 ሃፍ። ወደ ስታቲስቲክሱ ገጽ ስገባ በዚያ ፖርት ላይ «ሌት ኮሊዥን» የሚለው ቁጥር ገጹን ባደስሁ ቁጥር ይጨምራል። ሰርቨሩ ላይ ሄጄ የኔትወርክ ካርዱን ሳየው 100 ፉል ላይ ተቆልፏል። ወደ አውቶ መለስሁት፤ መስመሩ ወዲያው 1000 ፉል ሆነ። የሒሳብ ሹሟ «ምን ገጠሙበት?» አሉኝ። ምንም አልገጠምሁም ብላቸው አላመኑኝም።

ጊጋቢት ላይ ከደረስን ደግሞ ክርክሩ ራሱ ቦታ የለውም። በመዳብ ኬብል 1000 ሜጋቢት እንዲተላለፍ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ደንብ ድርድርን ግዴታ አድርጎታል። ምክንያቱም ከሁለቱ ጫፎች አንዱ የሰዓት ምቱን መሪ፣ ሌላው ተከታይ መሆን አለበት፤ ማን እንደሚመራ የሚወሰነው በድርድሩ ነው። ገጹ ላይ «1000 ፉል» የሚል ምርጫ ብታገኙ እንኳ በአብዛኞቹ ስዊቾች ሥራው «ከ1000 ሌላ አልችልም» ብሎ መደራደር ነው፤ ድርድሩ አይቀርም። ቆለፍሁት የሚለው ሰው የቆለፈው ነገር የለም።

በአንድ ነገር ብቻ እረታለሁ። የኢንተርኔት አቅራቢው ፋይበሩን ወደ መዳብ የሚቀይርበት አሮጌ ኮንቨርተር 100 ፉል ላይ የተቆለፈ ከሆነ የእኔንም ጫፍ እንደዚያው እቆልፈዋለሁ። ወይ ሁለቱም አውቶ፣ ወይ ሁለቱም የተቆለፉ።

ከሃፍ ቀጥሎ ዓይኔ የሚያርፈው በ1000ዎቹ መካከል ብቻውን 100 ፉል በሚል መስመር ላይ ነው። 100 ሜጋቢት ከስምንቱ ሽቦዎች አራቱን፣ 1፣ 2፣ 3 እና 6ን ብቻ ይጠቀማል፤ ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ሰማያዊው ወይም ቡናማው ጥንድ ከተበጠሰ ብዙ ካርዶች ወደ 100 ወርደው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። የጠረጴዛው ባለቤት ኢንተርኔቱ እስከሠራለት ድረስ አቤት አይልም። አሮጌ ፕሪንተር ወይም ካሜራ ከሆነ 100 ልኩ ነው፣ ተዉት። ኮምፒውተር ከሆነ ግን ክሪምፐር ይዛችሁ ሂዱና ጫፉን ቆርጣችሁ እንደገና ሥሩት። ያም ካልፈታው ሽቦውን በቢላ ፋቅ አድርጋችሁ እዩ፤ ከቀዩ ሥር ነጣ ያለ ብረት ከወጣ የተሸጠላችሁ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። ያን ጊዜ ገጹ ላይ ምንም ብትነካኩ አይድንም።

እኔ ወደዚህ ሙያ የገባሁት በኬብል ጎታችነት ነው። ኮርኒስ ውስጥ አንገቴን አስገብቼ፣ አቧራ እየቃምሁ፣ ጫፉን ለሌላ ሰው አስረክቤ ከሕንፃው እወጣ ነበር። የሳብሁት ኬብል ምን ላይ እንደዋለ የሚነግረኝ አልነበረም። ኋላ አንድ ኢንጂነር ላፕቶፑን ወደ እኔ አዙሮ ይህን ሠንጠረዥ ሲያሳየኝ እያንዳንዱ መስመር የትኛው ክፍል፣ የትኛው ግድግዳ እንደሆነ አወቅሁት። ልፋቴ በቁጥር ተጽፎ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ለዚህ ይሆናል አንድ ሰው ሠንጠረዡን ሳያነብ ቀጥታ ወደ ሣጥኖቹ ሲሄድ የሚከነክነኝ። የጣሪያውን ሥራ ሳያይ በጠረጴዛ ላይ ሊፈርድ ነው።

ታዲያ ገጹ ላይ ምንም አልጽፍም ማለቴ አይደለም። የመግለጫ ሣጥኑን ባዶ አልተውም። ብዙ ስዊቾች የግዕዝ ፊደል ስለማይቀበሉ በላቲን ፊደል የክፍሉንና የግድግዳውን ሶኬት ቁጥር አስገባለሁ። የሠራተኛ ስም አልጽፍም፤ ሰው ይዛወራል፣ ግድግዳ አይዛወርም። የራሴ ላፕቶፕ የሚያልፍበትን ፖርት ካወቅሁ በኋላ ብቻ ነው ሌላ ፖርት የምዘጋው። በመጨረሻም ሴቭ አደርጋለሁ። ብዙ ስዊቾች ላይ «አፕላይ» ለጊዜው ብቻ ነው፤ ለብቻው ሴቭ ካልተደረገ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ስዊቹ የድሮ መልኩን ይዞ ይነሣል። ዩፒኤሱ ባትሪው በሞተበት ቢሮ ይህ ነገ የሚሆን ነው።

እናንተ አዲሶቹ፣ በጥቁሩም ሆነ በነጩ መስኮት ግቡ፤ እኔ አልከለክላችሁም። ስትገቡ ግን እጃችሁን ሰብስባችሁ ሃያ አራቱንም መስመር አንብቡ፣ የተለየውን ለዩ፣ ኬብሉን ተከትላችሁ እስከ ጫፉ ሂዱ። ፍጥነቱን አውቶ ላይ ተዉት።