በደጃፉ ላይ የቆመችው የዛፍ መንፈስ

የቡድሃ ትምህርት ምኞትን መግታትን ይሰብካል። ታዲያ በጥንታዊ የቡድሂስት ሕንፃዎች ደጃፍ፣ በጌጥ ያሸበረቀች ሴት ከዛፍ ጋር ተጠላልፋ የምትታየው ስለ ምንድን ነው? ብዙ ተመልካቾች «ለማስዋቢያ ነው» ብለው ያልፏታል። ይህ ፍርድ ግን ጎደሎ ነው።

ይህች ሴት የክሺ ትባላለች። የሕንድ ሕዝብ ዛፍንና ውሃን ይጠብቃሉ፣ ልጅንና ሰብልን ይሰጣሉ ብሎ ካመነባቸው መናፍስት ወገን ናት፤ በእኛ አነጋገር ለአድባር ትቀርባለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት ገደማ በተሠራው የባርሁት የድንጋይ አጥር ላይ፣ ቻንዳ የክሺ ክንዷንና እግሯን በግንዱ ላይ ጠምጥማ ቆማለች። ስሟም ከምስሏ ጋር ተቀርጿል። ለተራ ጌጥ ደግሞ ስም አይጻፍለትም።

በባርሁት ልብሱና ዶቃው በጥንቃቄ ቢጠረብም አካሉ ገና ከምሰሶው አልተላቀቀም። በኋላ በተሠራው የሳንቺ ታላቅ ስቱፓ ምሥራቃዊ በር ላይ ግን የክሺዋ ከማንጎ ቅርንጫፍ ተንጠልጥላ፣ ወገቧን ሰብራ፣ በአየር ላይ ዘንበል ብላለች። ድንጋዩ እዚህ ላይ ሥጋ ለብሷል። በእነዚሁ በሮች ላይ ቡድሃ ራሱ በሰው መልክ አልተቀረጸም፤ በእግሩ ዱካ፣ በባዶ ዙፋንና በዛፍ በመሳሰሉ ምልክቶች ይወከላል። መምህሩ ያለ አካል ሲታሰብ የሕዝቡ መንፈስ በሙሉ አካሏ መታየቷ ልብ ሊባል ይገባል።

ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። የሳንቺ ጽሑፎች እንደሚመሰክሩት ለግንባታው የሰጡት መነኮሳትና መነኮሳዪያት፣ ነጋዴዎችና ተራ አባወራዎች፣ በርካታ ሴቶችም ናቸው። በደቡባዊው በር ላይ የቪዲሻ የዝሆን ጥርስ ጠራቢዎች የቅርጽ ሥራቸውን በጽሑፍ አስመዝግበዋል። እነዚህ ሰዎች ወደ አዲሱ ትምህርት ሲመጡ የቀደመ እምነታቸውን ከደጅ ጥለው አልገቡም፤ ደጁ ላይ አቆሙት እንጂ።

ትምህርቱም ከእርሷ ተበድሯል። ከጊዜ በኋላ የቡድሃ እናት ማያ ልጇን ስትወልድ የተቀረጸችው ቅርንጫፍ ይዛ፣ በየክሺዋ አቋቋም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1873 አሌክሳንደር ከኒንግሃም ያገኘው የባርሁት አጥር ቅሪት አብዛኛው በኮልካታ ሙዚየም ይገኛል። የሳንቺዋ የክሺ ግን ዛሬም በበሩ ላይ ናት። ሥራዋን በትክክል ለመመዘን የሚሻ ሐያሲም ከዚያው ከበሩ፣ ምእመናኑ በሚያልፉበት ስፍራ ሆኖ ሊመለከታት ይገባዋል።