የዓሣ ሱባዔ

ቆሮሶውና አምባዛው ከሐይቁ ወጥቶ በአሞራ ገደል ለገበያ በሚቀርብበት በሐዋሳ ከተማ፣ ዓሣን ለመብል ሳይሆን ለዓይን ተድላ በመስታወት ገንዳ የሚያኖር ሰው፣ አዲሱን እንግዳ ከነባሮቹ ጋር ከመደባለቁ አስቀድሞ በሌላ ገንዳ ሦስት ሱባዔ፣ ማለትም 21 ቀን ያህል ለብቻው ማቆየቱ እጅግ የሚደነቅ ትዕግሥት ነው። የቬኒስ ሰዎች ደዌ እንዳይገባባቸው ለሚመጣ መርከብ አርባ ቀን ደንግገው ነበር፤ ለዓሣ ግን እኩሌታው ብዙ ጊዜ ይበቃል።

እንደ ጨው ቅንጣት በገላ ላይ የሚታየው የነጭ ነጥብ ደዌ፣ ጥገኛው ረቂቅ ፍጡር አስቀድሞ ከቆዳ ሥር ተሸሽጎ፣ ኋላም ወደ ገንዳው ወለል ወርዶ በመቶ የሚቆጠር ዘር ስለሚያፈራ፣ ዛሬ ጤነኛ የመሰለው ነገ ማኅበሩን ሁሉ ሊፈጅ ይችላልና።

እኔስ ከሁሉ የምወደው፣ ጌጥ በሌለው በዚያ ገዳም መሰል ገንዳ፣ መረቡና ባልዲው እንኳ የተለየለት እንግዳ፣ ከመንገድ ድካሙ አርፎ፣ ተጋፊ ሳይኖርበት መብሉን መልመዱን ነው።