የማይክሮስፌር ሥራ እንዴት ይገመገማል

መድኃኒት የተጫነባቸው የፖሊመር ማይክሮስፌሮች (ጥቃቅን ሉሎች) በዓይን ሲታዩ ነጭ ዱቄት ብቻ ናቸው። ጥሩው ከመጥፎው የሚለየው በማይክሮስኮፕና በመለኪያ ነው፤ ለልዩነቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው በዝግጅቱ ወቅት የሚጨመረው፣ እንደ ሳሙና የሚሠራው ሰርፋክታንት ነው።

ፒኤልጂኤ የተባለው በሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ የሚፈራርስ ፖሊመር ከመድኃኒቱ ጋር በዳይክሎሮሜቴን ይሟሟል። ከዚያ ሰርፋክታንት ባለበት ውሃ ላይ እየተማሰለ ይጨመራል፤ ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይበተናል፤ ዳይክሎሮሜቴኑ ሲተን ጠብታዎቹ ይጠጥራሉ። ጠብታዎቹን ሸፍኖ እርስ በርስ እንዳይዋሃዱ የሚያደርጋቸው ሰርፋክታንቱ ነው። በብዛት የሚመረጠውም ፖሊቪኒል አልኮል ነው።

ገምጋሚ በቅድሚያ መጠናቸውን ያያል። በትንንሾቹ መካከል ጥቂት ግዙፎች ከታዩ፣ ወይም ሁለት ሦስት ሆነው ተጣብቀው ከደረቁ፣ ሰርፋክታንቱ ሳያንስ አይቀርም። በመርፌ የሚሰጡት በአብዛኛው ከ20 እስከ 100 ማይክሮን ቢሆኑ ይመረጣል፤ ዋናው ነገር ግን ተቀራራቢ መሆናቸው ነው።

ሰርፋክታንት ሲበዛ ማይክሮስፌሮቹ ያንሳሉ፤ ያነሰ ሁሉ ግን የተሻለ አይደለም። ትንንሾቹ ከክብደታቸው አንጻር ሰፊ ገጽ ስላላቸው መድኃኒቱ ቶሎ ይወጣል። ከዚህም በላይ ሰርፋክታንቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ሚሴል የተባሉ ስብስቦችን ይሠራል፤ እነሱም በውሃ የማይሟሟውን መድኃኒት ከጠብታው እየነጠቁ ወደ ውሃው ይወስዱታል። 100 ሚሊግራም መድኃኒት ተጨምሮ 60 ብቻ በማይክሮስፌሮቹ ውስጥ ከተገኘ፣ ቀሪው በአብዛኛው ከውሃው ጋር ሄዷል ማለት ነው። ያማረ ፎቶግራፍ አሳይቶ ይህን ቁጥር ሳይጠቅስ የሚያልፍ ሠሪ ሊጠረጠር ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ፈተና የመጀመሪያው ቀን ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው ሉፕሮን ዲፖ የተባለ የማይክሮስፌር መድኃኒት በአንድ መርፌ ለአንድ ወር እንዲሠራ የታሰበ ነው። እንዲህ ያለ ዝግጅት ከጫነው ሲሶውን በአንድ ቀን ቢለቅ ታካሚው መጀመሪያ ከሚገባው በላይ ያገኛል፤ የወሩ መጨረሻም ባዶ ይሆናል። ምክንያቱ ገጹ ላይ የቀረ መድኃኒት ወይም ቀዳዳ የበዛበት ገጽ ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ለመለየት ይረዳል።

ቀጥሎ የሚታየው የተረፈውን ሰርፋክታንት የሚያስወግደው እጥበት ነው። ሰርፋክታንት ሕዋስን የመጉዳት ኃይል ሊኖረው እንደሚችል ከእንዶድ ማየት ይቻላል። ሳይንቲስቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማግኘታቸው የታወቀ ነው። የገደላቸው አረፋ የሚያወጣው የእንዶዱ ሰርፋክታንት፣ ሳፖኒን፣ ራሱ ነው፤ ሳፖኒኖች ቀይ የደም ሕዋሳትንም ያፈነዳሉ። ፖሊቪኒል አልኮል ከዚህ በጣም የለዘበ ቢሆንም፣ ዱቄቱ ተደጋግሞ ቢታጠብ እንኳ ከፊሉ ገጹ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ስለዚህ የቀረው መጠን ተለክቶ መጻፍ አለበት።

በመጨረሻ ዱቄቱ በሚሰጥበት ፈሳሽ ይበጠበጣል። እዚህ ላይ ጥቂት ሰርፋክታንት ሆን ተብሎ ይመለሳል፤ የሉፕሮን ዲፖ ፈሳሽ ፖሊሶርቤት 80 አለበት። ጥሩ ዱቄት ብልቃጡ ሲነቀነቅ ሳይጓጉል እንደ ወተት ይበተናል፣ በቀጭን መርፌም ሳይደፍን ያልፋል።