ስለ ባትሪ መቈጣጠሪያ ስያሜዎች፤ አጭር ሂስ

የሙያ ቃል ተግባሩ ዕቃን መጥራት ብቻ አይደለም፤ ሠራተኛው የዕቃውን ጠባይ በትክክል እንዲረዳ ማድረግም ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ምዕራብ ሲወረድ የሚገኙት ፎገራ፣ ደራና ሊቦ ከምከም ከጣና ጋር ይዋሰናሉ። በሐይቁ ላይ በሞተር ጀልባ የሚጓዝ ሰው የባትሪውን ይዞታ የሚያውቀው በመለኪያው ነውና የመለኪያው ስም ቢዛባ ጉዳቱ በወረቀት ላይ አይቀርም። ከዚህ ቀጥሎ ሦስት ስያሜዎችን እንመረምራለን።

የመጀመሪያው ለቮልት መለኪያ የሚሰጠው «ኃይል መለኪያ» ነው። «ኃይል» በኤሌክትሪክ ሙያ ቮልትና አምፔር ተባዝተው ለሚገኘው፣ በዋት ለሚለካው መጠን የተያዘ ቃል ነው። ቮልት ግን የግፊት መለኪያ ነው። ባለ 12 ቮልት የእርሳስና አሲድ ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ ወደ 12.7 ያሳያል፤ ሲጋመስ ወደ 12.2 ይወርዳል፤ ልክ 12 ሲል ከግማሽ በታች ሆኗል። በአንጻሩ በመሞላት ላይ ሳለ ገና ሳይሞላ ከ14 በላይ ሊያሳይ ይችላል። እንግዲህ «ኃይል 12» የሚለውን አንብቦ ሙሉ ነው ብሎ ቢቀዝፍ ያሳተው ስያሜው ነው። ስለሆነም «ቮልት መለኪያ» ይመረጣል።

ሁለተኛው «የባትሪ ባንክ» ነው። «ባትሪ» በአውሮፓ ቋንቋዎች የተደረደሩ መድፎች ስም ነበር፤ በ18ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ፍራንክሊን ለተያያዙ የኤሌክትሪክ ብልቃጦች አዋለው። በአማርኛ ደግሞ የእጅ መብራቱ «ባትሪ»፣ በውስጡ የሚገባው «የባትሪ ድንጋይ» ተብሏል። በዚህ ሁሉ ላይ የገንዘብ ቤቱን «ባንክ» መጨመር ትርፉ ግርታ ነው፤ «የባትሪ ስብስብ» ይበቃል።

ሦስተኛውና ዋናው «ትይዩ» ነው። በጂኦሜትሪ ትይዩ መስመሮች አይገናኙም፤ በትይዩ ተያያዙ የሚባሉት ባትሪዎች ግን ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩ ከኔጋቲቭ ጋር ይገናኛል። ቮልት መለኪያም በሁለቱ ጫፎች ላይ ይታሰራል፤ አምፔር መለኪያ ግን በመስመሩ መካከል ይገባል። ይህን አዛብቶ አምፔር መለኪያን በሁለቱ ጫፎች ላይ ያሰረ ሰው እሳት ይጭራል። ስለዚህ በ«ትይዩ» ፈንታ «ጥማድ» የሚለውን እናቀርባለን፤ ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር ጎን ለጎን እንደሚስቡ ሁሉ፣ የተጠመዱ ባትሪዎችም አንድ ቮልት ይጋራሉ። ሁለት ስብስቦች ለየብቻ እንዲነበቡ ከተፈለገ መጠመድ እንደሌለባቸው ቃሉ ራሱ ያመለክታል። «ጥማድ» ለሁለት ብቻ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ቃል በሙያ ሲሠራበት ይሰፋል። ለሌላው ዓይነት አያያዝ «ተከታታይ» እንዳለ ይቈይ።

ይህ ሂስ የባዕድ ቃልን የሚነቅፍ አይደለም። በ1859 ዓ.ም. በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራው መድፍ «ሴባስቶፖል» ተባለ፤ «መድፍ» የሚለውም ቃል ከዐረብኛ የገባ ነው። እያንዳንዱ አንድ ነገር ብቻ ስለሚጠራ ግን ማንንም አላደናገረም። ከላይ ባዕዱን «ቮልት» ተቀብለን የራሳችንን «ኃይል» የተውነውም በዚሁ ሚዛን ነው። ተርጓሚዎች «ጥማድ»ን ከኤሌክትሪክ ሠራተኞች ጋር በሥራ ላይ እንዲፈትሹት እናሳስባለን።