የአጃቢ ዕድሜ

የባንድን ዕድሜ በአልበም ብዛት የሚለካ ሰው ሲያጋጥመኝ ዝም ብዬ አላልፍም። ባንድ የሚቆየው ቢያንስ ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን እጅ ሳያይ መጫወት እስኪችል ድረስ አብረው ከሠሩና ከዚያ በኋላ ካልተለያዩ ነው። ቤዝ ጊታር ተጫዋች ስለሆንኩ ለራሴ ወገን አድልቼ ይሆናል፤ ግን ምስክር አላጣም።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም እቤቴ ድረስ መጥተው ቤዝ ከሚማሩት አንዱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ልጁ የፕሮግረሲቭ ሜታል ወዳጅ፣ የድሪም ቲያተር አምላኪ ነው። በሰባት የሚቆጠረውን ዘፈን ጣቱ ሳይደናቀፍ ይወጣዋል። ችክችካ ስሰጠው ግን ብዙም ሳይርቅ ይፈርስበታል። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ስድስት ነው፣ ቀላል ነው» ይለኛል። መቁጠሩማ ቀላል ነው። ጣጣው ስድስቱ ምት ሦስት ሦስት ሆኖ ለሁለትም፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ለሦስትም መከፈሉ ነው። ጭብጨባው በአንዱ ሲሄድ ዜማው በሌላው ይመጣል፤ ቤዙ መሐል ቆሞ ሁለቱንም ያስታርቃል። ልጁ ክፍት ቦታ ባገኘ ቁጥር ኖታ ይሞላበታል። እኔ ደግሞ የማስተምረው መተውን ነው፦ ድራመሩ ኪኩን ሲረግጥ አብሮ መርገጥ፣ ድምፃዊው ድምፁን ሲያስረዝም እጅን ገመዱ ላይ አሳርፎ መጠበቅ። አንቺ ሆዬ ላይ ለማሳመር ተብሎ ከአምስቱ ድምፆች ውጭ አንዲት ኖታ ከተጨመረችማ ቅኝቱ ተበላሸ ማለት ነው።

ይህን ትዕግሥት የተማርኩት ከጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ነው፤ በካሴት። ጆቫኒና ሊድ ጊታሪስቱ ሰላም ስዩም ራስ ሆቴል ይሠራ በነበረው አይቤክስ ባንድ ውስጥ ነበሩ። የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1975 ያጀበው ይኸው ባንድ ነው። በዓመቱ ደግሞ ያለ ድምፃዊ በመሣሪያ ብቻ የተቀዳ ሥራ አወጡ። የአጃቢን እጅ ብቻውን መስማት የፈለገ እሱን ያዳምጥ። ኋላ አባላቱ ተለዋወጡ፣ ስሙም ሮሃ ሆነ፤ ጆቫኒና ሰላም ግን ቀጠሉ። የ1980ዎቹን ካሴቶች ያዳመጠ ሰው የሮሃን እጅ ሳይሰማ አልቀረም፤ ማሕሙድ፣ ኤፍሬም ታምሩ፣ ነዋይ ደበበ። ሦስቱም በአንድ ባንድ ታጅበው ሦስቱም ራሳቸውን ይመስላሉ። ለእኔ የሮሃ ትልቁ ችሎታ ይሄ ነው። ዛሬ አንድ ኪቦርድ አሥር ድምፃዊ አጅቦ አሥሩንም ወንድማማች ሲያስመስል እንሰማለን!

ተማሪዬ ይህን ስነግረው የራሱን ምሳሌ አመጣልኝ። ድሪም ቲያተር እ.ኤ.አ. በ1985 በቦስተኑ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ሲጀመር ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ድራመር ማይክ ፖርትኖይ በ2010 ወጣ፣ በ2023 ተመለሰ። ድምፃዊም ኪቦርዲስትም ተቀያይሯል። ከመነሻው እስከ ዛሬ ሳይነቃነቁ የቆዩት ጊታሪስቱ ጆን ፔትሩቺና ቤዚስቱ ጆን ማዩንግ ናቸው። እዚያም ሊድና ቤዝ! የሙዚቃው ዓይነት ለየቅል ነው፤ ነገሩ ግን አንድ ሆነብኝ።

ልዩነቱ የእኛዎቹ ያደጉበት ሁኔታ ላይ ነው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበር ሆቴል ገብቶ ያመሸ ሰው እስኪነጋ መውጫ አልነበረውም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ዋልያስ ሂልተን፣ ዳህላክ ግዮን፣ እንዲህ እያለ እያንዳንዱ ቋሚ መድረክ ነበረው። ዘመኑን ማንም አይመኘውም። ሌሊቱን ሙሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ አብሮ መጫወት ግን ዛሬ በገንዘብ የማይገዛ ልምምድ ነበር። ስቱዲዮ ሲገቡ ሁሉም በአንድ ክፍል ቆመው በአንድ ጊዜ መቅዳት የቻሉትም ለዚህ ይመስለኛል። ከእኛ ባንዶች ለሮክ የሚቀርበው ጃኖ እ.ኤ.አ. በ2012 በቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ የወደድኩትም ጊታሩ ስለጮኸ አይደለም፤ አብረው የተለማመዱ ሰዎች ድምፅ ስለነበረው ነው።

እዚህ ሰፈር ጎበዝ ልጆች ሞልተዋል፤ ግን እያንዳንዱ ክፍሉን ዘግቶ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ከኮምፒውተር ጋር ነው የሚጫወተው። አይፈረድባቸውም። በስስ ብሎኬት ከጎረቤት በተለየ ቤት ድራም መምታት አይታሰብም፤ የእኔን ቤዝ እንኳ የታች ቤቷ እናት በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሷን እየመቱ ነው የሚያስቆሙኝ። ከኮምፒውተር ጋር ብቻ ያደገ ልጅ ፍጥነት ያገኛል፣ ጥራትም ያገኛል፤ ሌላው ሰው ሲያመነታ መጠበቅን ግን አያገኝም። ኮምፒውተር አያመነታም።

ስለዚህ ለየብሎኩ ኮሚቴዎች አንድ ልመና አለኝ። ኮሚናሉ ለቅሶ፣ ሠርግ ወይም ስብሰባ በሌለበት እሑድ ከሰዓት ተዘግቶ ነው የሚውለው። ቁልፉን ለልጆቹ ስጧቸው። ድራሙን ከማኅበር ብር አንጠይቅም፤ ሰዓቱንም እናንተው ወስኑልን። ቤዙን እኔ ይዤ እመጣለሁ።