ለብረት የበጀው ለቲታኒየም አይበጅም

ማክሰኝት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት። በዚህ መስመር በፍሬዛ ሙያ የሚተዳደር ሰው ከሞርሳው ላይ የሚያስረው የወፍጮ ዘንግ፣ የውኃ ፓምፕ ማያያዣ፣ የትራክተር ጊር ነው፤ ሁሉም ብረት። ቲታኒየም ከላያችን ያልፋል እንጂ እጃችን አይገባም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ከክብደቱ 15 በመቶ ያህሉ ቲታኒየም ነው። እኔ ጋ የመጣው ግን አንድ የምህንድስና ተማሪ ለመመረቂያ ሥራው የያዘው ዘንግ ነበር፦ 6 በመቶ አሉሚኒየም፣ 4 በመቶ ቫናዲየም፣ ቀሪው ቲታኒየም። ያየው ሁሉ የሰጠኝ ምክር ያው ነው፤ «ካለህ ኢንድ ሚል ሁሉ ጠንካራውን እሰርበት!»

ጥንካሬ ብቻውን መልስ አይሆንም። ኢንድ ሚሉ፣ ማለትም መቁረጫው፣ የሚሠራበት ካርባይድ የምንለው ነገር የተንግስተን ካርባይድ ቅንጣት በኮባልት ተያይዞ ነው። ጀርመናዊው ካርል ሽሬተር እ.ኤ.አ. በ1923 ለአምፖል ሽቦ መሳቢያ ብሎ ሲሠራው ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ አልጨመረበትም። በዚያው ውህድ ብረት ሲቆረጥ ግን የጋለው ፍቅፋቂ ስለቱ ላይ እየተንሸራተተ ካርባይዱን ያሟሟዋል፤ ከጠርዙ ወደ ኋላ ትንሽ ጉድጓድ ይከፈትና እየሰፋ ሄዶ ስለቱ ይረግፋል። ለዚህ ነው የቲታኒየም ካርባይድና የታንታለም ካርባይድ የሚጨመርበት። እነሱ በጋለ ብረት ውስጥ በቀላሉ አይሟሙም፣ ጉድጓዱም ይዘገያል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ ከተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የወጡ ናቸው፤ ካርባይድን በሩሲያ መለያው ነበር የሚጠሩት። «ቬካ 8» 8 በመቶ ኮባልት፣ ቀሪው ተንግስተን ካርባይድ። «ቴ 15 ካ 6» 15 በመቶ ቲታኒየም ካርባይድ፣ 6 በመቶ ኮባልት፣ ቀሪው ተንግስተን ካርባይድ። ሁለተኛው ለብረት፣ የመጀመሪያው ለካስት አይረንና ለቲታኒየም። በልጅነቴ ይህ ተገልብጦ ይታየኝ ነበር፤ ቲታኒየም ያለበት መቁረጫ ለቲታኒየም የሚቀርብ ይመስላል። አዎ፣ ይቀርባል፣ ጉዳቱም እሱ ነው። የጋለ ቲታኒየም ያገኘውን ካርቦን ይሻማል፤ ቲታኒየም ካርባይድ የተደባለቀባቸው ቅንጣቶች ደግሞ በውስጡ ቀድመው ይሟሟሉ። ባዶው ተንግስተን ካርባይድም ከጥቃቱ አያመልጥም፤ ነገር ግን በመገናኛው ላይ ስስ ሽፋን ይፈጠርና የሚቀጥለውን መብላት ያዘገየዋል።

ሙቀቱ ነገሩን ያባብሰዋል። ይህ ቲታኒየም ሙቀት የሚያስተላልፈው የተለመደው ብረት የሚያስተላልፈውን ሰባተኛ ያህል ነው። ብረት ሲቆረጥ ፍቅፋቂው ሙቀቱን ተሸክሞ ይወጣል፤ እዚህ ግን እስከ 80 በመቶው ወደ መቁረጫው ይገባል፣ ያውም ከጠርዙ ጫፍ ላይ ተከማችቶ። ስለዚህ ለብረት በደቂቃ 150 ሜትር ብሎ የለመደ እጅ ወደ 40 መውረድ አለበት። ለ10 ሚሊሜትር ኢንድ ሚል 1,270 ዙር ገደማ ማለት ነው፤ ያረጀው ፍሬዛዬም ይህን ይችላል። ፊዱን (ሥራው ወደ መቁረጫው የሚመገብበትን ፍጥነት) ግን መቀነስ የለብንም፤ ጥርሱ ካልነከሰ ይታሻል፣ ከታሸ ይግላል።

በማጉያ መነጽር ሳየው የቲታኒየሙ አበላል ከብረቱ ይለያል። ከጠርዙ ላይ የተለሰነ ብርማ ነገር አለ፤ ፍቅፋቂው ከስለቱ ጋር ተበይዶ ነው። ተገንጥሎ ሲሄድ የካርባይድ ቅንጣት ይዞ ይሄዳል፣ በዚያ በኩል ጠርዙ ይሸረፋል። እዚህ ላይ ሌሎቹ ጭማሪዎች ይረዳሉ። ከአንድ በመቶ በታች የሆነ የክሮሚየም ወይም የቫናዲየም ካርባይድ ሲጣል፣ ካርባይዱ በሚጋገርበት ጊዜ ቅንጣቶቹ እንዳያድጉ ይገታል። ደቃቅ ቅንጣት ስለታም ጠርዝ ይይዛል፤ ስለታም ጠርዝ ቲታኒየሙን ይቆርጠዋል እንጂ አያሸውም። ቫናዲየሙ ሲበዛ ግን ተሰባሪ ያደርገዋል። መርካቶ ውስጥ ገዢ የሚሻማበት የመቁረጫ ወርቃማ ቅብ ደግሞ ቲታኒየም ናይትራይድ ነው፤ ለዚህ ሥራ አልገዛውም።

(ፍቅፋቂውን አታጠራቅሙ። ደቃቁ በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ከተቀጣጠለም ውኃ ያባብሰዋል። አጠገቤ አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ አለ።)

ከመጽሐፍ የማላገኘው፣ እኛ ጋ ያለው ነገር የመብራቱ ጉዳይ ነው። ጥርሱ ሥራው ውስጥ ገብቶ እያለ መብራት ሲጠፋ ፍሬዛው ዙሩን እየቀነሰ ይቆማል፣ ጠረጴዛው ግን በእጅ የሚገፋ ከሆነ ወዲያው አይቆምም። በዚያች ቅጽበት ካርባይድ ይሰበራል፤ መበላት እንኳ አይባልም። ቅንጣቱ የቱንም ያህል ቢደቅ፣ የቱም ጭማሪ ቢገባበት ከዚህ አያድነውም። የሚረዳው ኮባልቱ ነው፤ በዛ ሲል ጥንካሬው ትንሽ ይወርዳል፣ መቻሉ ግን ይጨምራል። ስለዚህ 6 በመቶ ኮባልት ያለው ረጅም ዕድሜ ሊሰጠኝ ቢችልም፣ 10 በመቶ ያለውን፣ ደቃቅ ቅንጣት ያለውንና ቅብ የሌለውን እመርጣለሁ። ፍቅፋቂው ሲገባ ወፍራም፣ ሲወጣ ቀጭን እንዲሆን ጥርሱ በሚሄድበት አቅጣጫ እመግበዋለሁ፤ ከጎኑ የተበላው 0.3 ሚሊሜትር ከመድረሱ በፊትም አወጣዋለሁ። ቲታኒየሙን የማስረው ደግሞ ጀነሬተሩ ናፍጣ ባለው ቀን ብቻ ነው።